የአስተርጓሚው አማርኛ

ይኸነውን የማያውቅ የቆሰበር ሰው ካለ፣ በዕድሜው ከሰው ተካሶ የማያውቅ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እዚያ ችሎት ውስጥ ቆሞ አገውኛውን ወደ አማርኛ፣ አማርኛውን ወደ አገውኛ ሲያደርስ ኖረ። ስንቱ ዳኛ መጣ፣ ስንቱ ዳኛ ተቀየረ፤ እሱ ግን ከዳኛው ጠረጴዛ በስተግራ፣ ያንኑ ቡናማ ኮቱን ለብሶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው። እኔ ሚስቱ ነኝ። ሽታዬ እባላለሁ፤ የቡሬ ልጅ ነኝ። ስለ እሱ ሌላ ሰው ቢያወራለት ይሻል ነበር። ግን ሌላው ሰው ለቅሶ ቤት እንደሚወራው ጥሩ ጥሩውን ብቻ ነው የሚያወራው፣ ያውም የእኔን ጥፋት ሳይጨምር። እኔ ደግሞ የራሴን ደብቄ የእሱን ባወራ አፌ እንዴት ይታዘዘኛል?

የተዋወቅነውም እዚያው ችሎት ነው፤ እሱ ሥራውን ገና በጀመረበት ዓመት። አጎቴ በገዛው በሬ የተነሳ ተከሶ ለምስክርነት ከቡሬ መጣሁለት። ከሳሹ አማርኛ የማይሰማ ገበሬ ነበር። ይኸነው ከገበሬው አፍ እየተቀበለ «በሬው የእኔ ነው፤ ከበረት ነው የተወሰደብኝ፤ በቀንዱ ለይቼዋለሁ» ይላል። ለካስ አስተርጓሚ የሰውየውን ቃል እንዳለ፣ «እኔ» እያለ ነው የሚናገረው። ይህን ማን ነግሮኝ? ከሳሹ ይህ ኮት የለበሰው ነው ብዬ ከመቆሚያዬ ሆኜ «አንተ ውሸታም፣ መቼ በሬ ነበረህና» አልኩት። ችሎቱ በሳቅ አለቀ። ዳኛው ሲቆጡኝ፣ እሱ ፍንክች ሳይል ስድቤን አንዲት ሳያጎድል ወደ አገውኛ መልሶ ለገበሬው ነገረው። ስንወጣ በር ላይ ጠብቆ፣ ስድቡ ለእሱ ነው ወይስ ለገበሬው ብሎ ጠየቀኝ። ለአንተ ነው አልኩት። በዓመቱ ተጋባን።

ሥራው ላይ እንዲህ ነበር፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ሰው ሲያለቅስ አብሮ አያለቅስም፤ በልቅሶው መሃል የተባለውን ቃል ግን አይዘልም። አንድ ጊዜ የገዛ መንደሩ ሰው ተከሶ ቀርቦ በራሱ ላይ የሚያስፈርድበት ቃል ተናገረ። ይኸነው እንዳለ አስተላለፈው፤ ሰውየው ታሰረ። የመንደሩ ሰዎች፣ ትንሽ ብታለሳልስለት ምን ነበረበት ብለው ሁለት ዓመት አኮረፉት። የእኔ ቃል አይደለም፣ ምን ብዬ እነካዋለሁ ከማለት በቀር አልተከራከራቸውም።

እኔ አገውኛ አላውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ አገር ኖሬ፣ ከዚህ አገር ሰው ወልጄ፣ አላውቅም። ተማሪ ብሎ ሁለት ጊዜ ለምኖኛል፤ አንዴ በተጋባን ዓመት፣ አንዴ ልጃችን ቤዛዊት ስትወለድ። ሁለቱንም ጊዜ ሳቅሁ። አንተ እያለህልኝ ምን አስጨነቀኝ አልኩት። ሲሰሙት የፍቅር መልስ ይመስላል። እውነቱን ልናገርና፣ ንቀት ነበረበት። ገበያ ወጥቼ ሴቶቹ እርስ በርስ በአገውኛ ሲያወሩ፣ በሰው ቋንቋ አውሩ እስከማለት የምደርስ ሴት ነበርኩ። ልጄንም በአማርኛ ብቻ አሳደግኋት። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

አምና ታኅሣሥ ላይ አንድ ሰኞ፣ ምሳ እየበላን ተጣላን። የእናቱ ሙት ዓመት በትውልድ መንደሩ በጥርባ ሊደገስ ነበርና ሦስት ቀን እዚያ አብረን እንድንሰነብት ፈለገ። እኔ ከማልሰማው ቋንቋ መሃል ሦስት ቀን እንደ ዕቃ አልቀመጥም አልኩ። አልጮኸም። እንዳልሽ ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያደርግ፣ አንዱን አድርጎ ሁለተኛውን ሳይጨርስ ወደ ጎን ወደቀ። ባጃጅ ጠራሁ፤ ጎረቤት ተሸከመልኝ፤ ከእንጅባራ ሆስፒታል ደግሞ በአምቡላንስ ወደ ባሕር ዳር ላኩን። በጭንቅላቱ በግራ በኩል ያለው ደም ሥር ተደፍኗል፣ ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ በድን ሆኑ።

አራት ቀን አንድም ቃል አልወጣውም። በአምስተኛው ቀን አፉን ከፈተ፤ በአገውኛ። እህቱ ውዱ ከጥርባ መጥታ አብራኝ ታስታምም ነበርና እሷ መለሰችለት፤ እያለቀሰች እየሳቀች ግንባሩን ሳመችው። ምን አለ ብላት፣ ውሃ ጠማኝ ነው የሚለው አለችኝ። እኔም ጠጋ ብዬ «ይኸነው፣ እኔ ነኝ» አልኩት። አወቀኝ፤ ዓይኑ አወቀኝ። ግን የመለሰልኝ በአገውኛ ነው። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ በአገውኛ አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም።

ቤት ከተመለስን በኋላም ያው ሆነ። ሐኪሞቹ ንግግሩ ሊጎዳ ይችላል ብለውኝ ነበር። እኔ ንግግር ተጎዳ ማለት አፍ ተዘጋ ማለት መስሎኛል። ይህ ሰው ግን ውዱ ስትመጣ ያወራል፣ ይቀልዳል። እኔ በአማርኛ እጅህን አንሳ ስለው ያነሳል፣ ዞር በል ስለው ይዞራል። የሚሰማ ሰው መናገር እንዴት ያቅተዋል? ጎረቤቶች አንድ ነገር ቢሰፍርበት ነው፣ ጠበል ውሰጂው አሉኝ። እኔ የጠረጠርኩት ከዚያ የባሰ ነው። የሰኞውን ይዞብኛል አልኩ። ዕድሜሽን ሙሉ የናቅሽውን ቋንቋ በግድሽ ስሚው እያለኝ ነው፣ ቂሙን ተኝቶ እየተወጣብኝ ነው አልኩ። እኔ ደግሞ አንዴ ነገር ከያዝኩ አለቅም።

እንዲህ አደረግሁ። ውሃ የሚለውን ቃል ሆስፒታል ውስጥ ሰምቼ ሰምቼ ለይቼዋለሁ፤ አላውቀውም ማለት አልችልም። ሲጠማው ብርጭቆውን ሞልቼ ፊቱ እቆምና «በአማርኛ ጠይቀኝ» እለዋለሁ። አፉ ይንቀሳቀሳል፤ አንገቱ ይገተራል፤ ግንባሩን ላብ ያጠምቀዋል። የሚወጣው አገውኛው ነው። «በአማርኛ» እላለሁ። በደህና እጁ ብርጭቆውን ያሳየኛል። አውቃለሁ ብርጭቆ ነው፣ በአማርኛ በለኝ እለዋለሁ። መጨረሻ ላይ እሰጠዋለሁ፤ ውሃ ከልክዬ አልገደልኩትም። ግን ስንት ደቂቃ አስጠብቄዋለሁ፣ በቀን ስንት ጊዜ። ሽንቱ መጥቶ በአማርኛ እስኪጠይቀኝ ስጠብቅ አልጋው ላይ ያመለጠው ቀን አለ። ያን ቀን አንሶላውን ሳጥብ እሱን ነበር የምረግመው።

ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ እንዲህ አሳለፍን። ከዚያ ይኸነው ዝም አለ። ለእኔ ብቻ አይደለም፣ ለውዱም። አፉን በከፈተ ቁጥር የሚቀጣ ሰው ምን ያድርግ? ውዱ ከጥርባ ማር ይዛለት መጥታ አጠገቡ ስትቀመጥ ግድግዳውን ያያል። ጨንቋት ወንድሜ ምን ሆነ ብላ ጠየቀችኝ። ደክሞት ነው አልኳት። ቤዛዊት ከደብረ ማርቆስ ስትደውልም አባትሽ ተኝቷል እላት ነበር። የምፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ሽታዬ እንዲህ አድርጊልኝ ብሎ በለመድኩት አማርኛ አንድ ቃል እንዲናገረኝ። እሱን ለማግኘት ብዬ የነበረውንም አሳጣሁት።

መጋቢት ላይ ምንይችል የሚባል ወጣት ሐኪም መጣ። ስለ አንጎል የሚያጠና ነው፤ ሁለት ቋንቋ እየቻሉ ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየዞረ ያያል። የይኸነውን ነገር ከሆስፒታል ሰምቶ፣ በስልክ ፈቃዳችንን ጠይቆ ነው የመጣው። ላፕቶፑን ከፈተ፣ ሥዕል ያለባቸው ካርዶች ዘረጋ፤ በአገውኛው ውዱ እንድታግዘው ተስማሙ። የመጀመሪያው የፈረስ ሥዕል ነበር። ውዱ ይህ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችው። ይኸነው ሥዕሉን አላየም። ወደ እኔ ነው የዞረው። ልናገር ወይ ብሎ ፈቃድ እየጠየቀኝ ነው። ሰው ሁሉ በእሱ አፍ ሲናገር የኖረው ሰውዬ፣ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ቋንቋው ለመናገር እኔን ፈራኝ። ተናገር፣ እንደፈለግህ ተናገር ብዬ በራሴ ነቀነቅሁለት።

ከአርባ ሥዕል ሠላሳ አምስቱን በአገውኛ ጠራ። በአማርኛ ሲጠየቅ አንድም አልመጣለትም። ያ መጥሪያና ይግባኝ፣ ያ መሐላና ውሳኔ፣ ዳኞች ሲያደንቁት የኖሩት አማርኛ፣ ድመት የምትለዋን እንኳ አላስቀረለትም። የውሃ ብርጭቆ ሥዕል ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምንይችል ምን እንደሆነ አልገባውምና ደክሞት ነው ብሎ ካርዶቹን ሰበሰበ።

በረንዳ ላይ ወጥተን ልጁን አፋጠጥኩት። የሚሰማኝ ሰው እንዴት አይናገረኝም፣ አውቆ አይደለም ወይ አልኩት።

«አውቀው አይደለም፣ እትዬ ሽታዬ» አለኝ። «መስማትና መናገር አንጎል ውስጥ ሁልጊዜ አብረው አይጎዱም። ሁለት ቋንቋ የሚችል ሰው ላይ ደግሞ ጉዳቱ አንዱን መትቶ ሌላውን የሚተውበት ጊዜ አለ። ለምን እንደሚለይ እኛም ገና እያጠናነው ነው። አማርኛውን ይፈልጉታል፤ አይመጣላቸውም።»

ቀጥሎም የቀረለትን ቋንቋ አብዝቶ ማናገር እንደሚረዳ፣ አንዳንድ ሰው ላይ የቀረው የጠፋውን ስቦ ሲያመጣ እንደታየ፣ ሁሉም ላይ ግን እንደማይሆን ነገረኝ። ከሁሉ የሚበልጡት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ናቸው አለ። በጣቴ ቆጠርኩ። ሦስቱ አልፈዋል፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱን ቀን የበላሁበት እኔ ነኝ። ያኔ ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩትን ለዚያ ልጅ ነገርኩት፤ ብርጭቆውን፣ ላቡን፣ አንሶላውን። ጎድቼው ይሆን ወይ አልኩት።

«ጎድተዋቸዋል ወይም አልጎዷቸውም ብዬ መናገር አልችልም» አለ። «ግን ከዛሬ ጀምሮ ያናግሯቸው። በሚመጣላቸው ቋንቋ።»

አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ አገውኛ ጀመርኩ። የጎረቤት ልጆች የሚማሩበትን የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ተዋስኩ። ውዱ ሐሙስ ገበያ ስላለባት ማክሰኞና ቅዳሜ በሚኒባስ እየመጣች ታስተምረኛለች። ምላሴ እምቢ አለኝ። ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ አለው፤ እኔ ስለው የታነቅሁ ነው የምመስለው። ይኸነው አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ዝም አለ። በሁለተኛው ሳምንት ቀና ብለህ ብላ ልለው ብዬ ምን እንዳልኩ እንጃ፣ ውዱ አፏን በእጇ ያዘች፣ እሱ ደግሞ «ኧረ ተይ» አለ። በአማርኛ። ሦስታችንም ደነገጥን። ከዚያ ይኸነው ሳቀ፤ በግማሽ ፊቱ፣ እንባው እየወረደ። እኔም ሳቅሁ፤ ከታኅሣሥ ወዲህ መጀመሪያዬ ነው።

ለምንይችል ደውዬ ነገርኩት። እንዲህ ያለ በአፍ የተለመደ አባባል ከሌላው ንግግር ቀድሞ ብቅ ሊል እንደሚችል፣ ግን ሌላው ይከተላል ማለት እንዳልሆነ ነገረኝ። ይከተል አይከተል ግድ አልሰጠኝም። ይኸነው እንደገና መናገር ጀምሯል። ስሳሳት ቃሉን ሦስት ጊዜ ይልልኛል፤ ስለው ራሱን ይነቀንቃል፤ ሳልችለው በደህና እጁ ተይው ይለኛል። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር እንደዚያ ወራት አፍ ለአፍ ገጥመን አውርተን አናውቅም፤ ያውም በልጅ ቃል።

ውዱ ደግሞ ማለሳለስ አታውቅበትም፤ የሰማችውን እንዳለ ታፈሰዋለች። አንድ ቅዳሜ እናታቸው ትዝ ብላኝ፣ እግዜር ነፍሷን ይማር፣ እቤቴ በመጣች ቁጥር በይኸነው አፍ «እጅሽ ይባረክ» ትለኝ ነበር አልኩ። ውዱ ደንግጣ አየችኝ። እናቴማ ወጧ ውሃ ነው እያለች ነበር ከቤትሽ የምትወጣው አለችኝ። እሷም በበኩሏ፣ እናቷ እስክትሞት ድረስ «ምራቴ እናቴ ሆይ እያለች ነው የምትሸኘኝ» ስትል እንደኖረች ነገረችኝ። እኔ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ችሎት ቆሞ አንዲት ቃል የማይጨምረው ሰውዬ፣ በቤቱ ሁለት ሴቶችን በውሸት ሲያፋቅር ኖሯል። ዞር ብዬ ሳየው እያየኝ ነበር፤ አልካደም። እኔ ግን ያን ጊዜ ለሙት ዓመቷ አልሄድም ያልኩበት ሰኞ ነው ትዝ ያለኝ።

ሰኔ ገባ። ሰላምታውን፣ ውሃውን፣ እህሉን፣ ያምሃል ወይን፣ እሺንና እምቢን አውቄያለሁ፤ ከዚያ ብዙ አላለፍኩም። እሱ ግን ብዙ የገባኝ መስሎታል፤ ያልገባኝንም እሺ እላለሁና። ድገምልኝ ማለት አልቻልኩም። ብርጭቆ ይዤ ፊቱ ቆሜ ስንት ጊዜ ያስደገምኩትን ሰውዬ፣ አሁንም ድገም ብለው ያ ላብ ግንባሩ ላይ የሚመለስ ይመስለኛል። ዳግም ከማስፈራው ይቅር ብዬ እሺታውን መረጥኩ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። በግራ እጁ እጄን ያዘና መናገር ጀመረ። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ረጅም ተናግሮ አያውቅም፤ ቀስ ብሎ፣ እያረፈ፣ ቃሉን እየመረጠ። ቤት የሚለውን ሰማሁ። እናቴ የሚለውን ሰማሁ። የቤዛዊትን ስም ሁለት ጊዜ ጠራ፣ የእኔን አንድ ጊዜ። የቀረው አለፈኝ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ለውዱ ደውዬ እንድትሰማው ማድረግ፣ ወይም ምንይችል እንዳሳየኝ ድምፁን መቅዳት እችል ነበር። እጄን ከእጁ ማውጣት ከበደኝ። ሦስት ወር ተምሬ አልገባኝም ማለትም አሳፈረኝ። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ጥያቄ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዓይኑን ዓይኔ ላይ አድርጎ መልሴን ጠበቀ።

በአገውኛ «እሺ» አልኩት።

ፊቱ ሲፈታ አየሁ። እጄን ወደ አፉ ወስዶ ሳመው፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ቅዳሜ ውዱ ስትመጣ ለእሷም ይነግራታል፣ ያኔ ይገባኛል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አርብ ጠዋት ሁለተኛው መታው። ሆስፒታል ሳንደርስ መንገድ ላይ አረፈ።

ለቅሶው ላይ ውዱ አጠገቤ ተቀምጣ የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር አለችኝ። ሰላም በያት ብሎኛል አልኳት። ተጽናናች። እውነቱን ለቤዛዊት ብቻ ነው የነገርኳት። እሷም አብራኝ ብዙ አሰበች፤ ይህ ይሆናል፣ ያ ይሆናል አለች፤ መጨረሻ ላይ አቀፈችኝ። ምንይችልም አስከሬን ሸኝቶ ከተመለሰ በኋላ ስንት ቃል በአማርኛ ተናግሮ እንደነበር ጠየቀኝ፤ ኧረ ተይ ብቻ አልኩት፣ ጻፈው።

እኔ ግን ቃል ገብቻለሁ። ምን ላይ እንደሆነ አላውቅም እንጂ ገብቻለሁ፤ እሱም ተቀብሎኝ ነው የሄደው። ስለዚህ የመሰለኝን ሁሉ አደርጋለሁ። በእሱ ሕመም ቀርቶ የነበረው የእናቱ ሙት ዓመት ዘንድሮ ሲደገስ ጥርባ ሄጄ ስምንት ቀን ተቀመጥሁ፤ ይህን ለምኖኝ ከሆነ ብዬ። ቤቱን ሽጪልኝ ብሎ የመጣውን ሰው መለስኩት፤ ይህን ለምኖኝ ከሆነ ብዬ። ቤዛዊትን አገውኛ እንድትማር ለመንኳት፤ ዕረፍቴ ሲደርስ አስብበታለሁ አለችኝ። እኔ አሁንም ማክሰኞና ቅዳሜ ውዱ ጋ እማራለሁ፤ ከዚያች ሐሙስ ንግግሩ የማስታውሳቸውን ድምፆች፣ ከየት እንደሰማኋቸው ሳልነግራት፣ እየጠራሁ ምን ማለት ይሆን እላታለሁ፣ እሷም አላውቅም ብላ አንገቷን ትነቀንቃለች። ምናልባትም «እኔ ስሞት እዚህ አትቸገሪ፣ ከእናትሽ አገር ቡሬ ገብተሽ ከዘመዶችሽ ጋር ኑሪ» ብሎኝ ይሆናል፤ እንዲህ ብሎኝ ከሆነ እዚህ በተቀመጥኩበት ቀን ሁሉ እሺ ያልኩትን እያፈረስኩ ነው።